የጨረር ሕክምና ተማሪዎችን ከዘመኑ የጡት ካንሰር ሕክምና ጥናቶች ጋር ማስተዋወቅ፦ ለአሠልጣኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የጨረር ሕክምና ተማሪ በሥልጠናው ወቅት ደጋግሞ ከሚያገኛቸው ታካሚዎች መካከል የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ግንባር ቀደም ናቸው። ለእነዚህ ሴቶች የሚሰጠው ጨረር ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት በመጠኑም፣ በቀናቱም፣ በሚያርፍበት የአካል ክፍል ስፋትም እየተለወጠ የመጣ ሲሆን፣ ለውጦቹ ሁሉ ከጀርባቸው ጥናት አላቸው። ተማሪው ማሽኑን ማንቀሳቀስ ተምሮ ጥናቱን ካላወቀ ግን፣ በ5 ቀን የሚጠናቀቀው ሕክምና ለምን በ5 ቀን እንደሚጠናቀቅ ሳይረዳ ይሠራል፤ ነገ አሠራሩ ሲለወጥም ለውጡን የሚቀበለው ስለታዘዘ ብቻ ይሆናል።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ሠላሳ ያህል ጥናቶችን በአንድ ከሰዓት በኋላ በስላይድ ደርድሬ አቅርቤ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጠይቃቸው ተማሪዎቹ የጥናቶቹን ስም ያስታውሳሉ፤ በምን ዓይነት ታካሚዎች ላይ እንደተካሄዱ ግን አንዱም መናገር አልቻለም። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት መንገድ ሌላ ነው። አንድ ጥናት ተመርጦ እስከ መጨረሻው ይነበባል፣ በእጅ ይሰላል፣ ወደ ዕቅድ ክፍሉና ወደ ሕክምና አልጋው ይወሰዳል፤ ሌሎቹ ጥናቶች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚሁ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ያህል ቢሰጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል።

አንደኛ እርምጃ፦ ጊዜውንና ጥያቄውን መምረጥ

ተማሪዎቹ የጡት ታካሚዎች ሲታከሙ ለጥቂት ሳምንታት ቆመው ሳያዩ ጥናት እንዲያነቡ አይስጧቸው። ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ ዘንበል ባለው ሰሌዳ ላይ የተኛች ታካሚን ያላየ ተማሪ፣ ከሁለት አቅጣጫ ደረቷን ታክከው የሚያልፉት ጨረሮች የሳንባን ጠርዝና፣ በግራ ጡት ታካሚ ዘንድ ደግሞ ልብን፣ እንዴት እንደሚነኩ በወረቀት ላይ ብቻ አይታየውም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ይምረጡ። እኔ የምመርጠው ተማሪዎቹ ራሳቸው በሕክምና ክፍሉ ውስጥ የሚያነሡትን ነው፤ ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጡቷ የተረፈላት ሴት ስንት ቀን ጨረር ያስፈልጋታል? ጥያቄው አጭር ቢሆንም በውስጡ የጨረር ሥነ ሕይወትን፣ የስታቲስቲክስ ንባብን፣ የሕክምና ዕቅድንና ከታካሚ ጋር መነጋገርን አቅፏል። ጥያቄውን በትልቁ ጽፈው በመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ሥልጠናው እስኪያልቅም አይነሣ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የጥያቄውን የትውልድ ሐረግ ማሳየት

ይህ ክፍል ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ያለ እርሱ ግን ቀጣዩ ሁሉ ሥር አይኖረውም። ለረጅም ጊዜ የጡት ካንሰር ሕክምና ማለት ጡትን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ሊምፍ ዕጢዎች ጋር ጠርጎ ማውጣት ነበር። ይህን ልማድ በ1970ዎቹ በጥናት የፈተኑት በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔሲ፣ በአሜሪካ ደግሞ በርናርድ ፊሸር ናቸው። ፊሸር የመሩት ቢ-06 የተባለው ጥናት ሴቶችን በዕጣ ለሦስት ከፍሎ አንዱን ቡድን ጡት በማውጣት፣ ሁለተኛውን ዕጢውን ብቻ በማውጣት፣ ሦስተኛውን ዕጢውን አውጥቶ ጨረር በመስጠት አከመ። በ2002 የታተመው የ20 ዓመት ክትትል ውጤት እንደሚያሳየው በሦስቱ ቡድኖች መካከል በሕይወት መቆየት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ጨረር ካልተሰጣቸው ሴቶች ግን በ39.2 በመቶው ካንሰሩ በዚያው ጡት ላይ ሲያገረሽ፣ ጨረር በተሰጣቸው ይህ ቁጥር 14.3 በመቶ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ቁጥር ብቻ ይጨምሩ። በኦክስፎርድ የሚመራው ዓለም አቀፍ የጥናት ትብብር ቡድን የ17 ጥናቶችን፣ የ10,801 ሴቶችን መረጃ አንድ ላይ አድርጎ በ2011 ባወጣው ትንታኔ፣ ጡት ከተረፈበት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ጨረር በ10 ዓመት ውስጥ የሚከሰትን ማንኛውንም ማገርሸት ከ35.0 ወደ 19.3 በመቶ፣ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የሚደርስን ሞት ደግሞ ከ25.2 ወደ 21.4 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ተማሪዎቹ ሁለቱን ልዩነቶች አጠገብ ላጠገብ ጽፈው እንዲያዩአቸው ያድርጉ። በግምት አራት ማገርሸት ሲከላከል አንድ ሞት ይከላከላል። ጨረር የአካባቢ ሕክምና ብቻ ነው የሚለው አባባል ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቁጥር አላገኘሁም።

የጨረሩ ጥቅም አንዴ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ መጠኑ ነው። በየቀኑ 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በ25 ቀን 50 ግሬይ የሚለው ነባር አሠራር በካናዳ በ16 ቀን 42.5 ግሬይ፣ በእንግሊዝ ደግሞ ስታርት ቢ በተባለው ጥናት በ15 ቀን 40 ግሬይ ከመስጠት ጋር ተነጻጽሯል፤ በሁለቱም አጭሩ ሕክምና ካንሰሩን በመቆጣጠር ረገድ ከረጅሙ ያልተናነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተማሪዎቹ አሁን ለዋናው ንባብ ደርሰዋል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ አንድ ጥናት እስከ መጨረሻው ማንበብ

ለዚህ የምመርጠው በ2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውን ፋስት ፎርዋርድ የተሰኘ የእንግሊዝ ጥናት ነው። ጥናቱ 4,096 ታካሚዎችን በዕጣ ለሦስት ከፍሎ ለአንዱ ቡድን በ3 ሳምንት ውስጥ በ15 ቀን 40 ግሬይ፣ ለሁለቱ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ በ5 ቀን 27 ወይም 26 ግሬይ ሰጥቷል። ለዚህ እርምጃ ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይመድቡ፤ መቸኮል ከሌለብን ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው።

የንባቡ ቅደም ተከተል ከተለመደው ይለያል። አጽሕሮተ ጥናቱን ከወረቀቱ ላይ ቆርጠው ያስቀሩትና ተማሪዎቹ ከአጠናኑ ስልት እንዲጀምሩ ያድርጉ። መጀመሪያ የሚመልሱት፣ ጥናቱ ውስጥ የገባው ማን ነው፣ ያልገባውስ? የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሳይነሡ አይለፉ። አንደኛው፣ በዋናው ጥናት ውስጥ የሊምፍ ዕጢዎች ጨረር የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች አልተካተቱም፤ የእነርሱ ጉዳይ በተከታይ ንዑስ ጥናት ነው የተፈተነው። ሁለተኛው፣ ዕጢው በወጣበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ጨረር የታዘዘላቸው ሴቶች ከ5ቱ ቀን በኋላ በየቀኑ 2 ግሬይ እየተጨመረላቸው 10 ወይም 16 ግሬይ መቀበል ይችሉ ነበር። ስለዚህ በአምስት ቀን ቡድን ውስጥ የነበሩት ሁሉ በ5 ቀን ጨርሰዋል ማለት ስሕተት ነው። ጥናቱን በጥቅስ ብቻ የሚያውቁ ባለሙያዎች እንኳ ይህን ሲዘነጉ አይቻለሁ።

ውጤቱ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዚያው ጡት ላይ ያገረሸባቸው ከ40 ግሬይ ቡድን 2.1፣ ከ27 ግሬይ ቡድን 1.7፣ ከ26 ግሬይ ቡድን 1.4 በመቶ ናቸው። በአንድ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ ይህን እንዳየች እጇን አውጥታ «1.4 ከ2.1 ስለሚያንስ 26 ግሬይ ከ40 ግሬይ ይሻላል ማለት ነው» አለች። መልሱን ከመስጠት ይልቅ «በ26 ግሬይ ቡድን የገጠማቸው ስንት ሴቶች ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «21» አለች። «በ40 ግሬዩስ?» «31»። «በየቡድኑ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ በላይ ሴቶች አሉ። የአሥር ሴት ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ አይችልም?» ዝም አለች፤ ከዚያ ከራሷ አንደበት «ታዲያ ጥናቱ አሸናፊ የሚፈልግ አልነበረም ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ወጣ።

ይህ ጥያቄ እስኪመጣ መጠበቅ ይገባል፤ የጥናቱ ቁልፍ ያለው እዚያው ላይ ነውና። ጥናቱ የታቀደው አጭሩ ሕክምና ከነባሩ ያልተናነሰ መሆኑን ለመፈተን ነው። ተመራማሪዎቹ ጥናቱን ሲጀምሩ በ5 ዓመት የማገርሸቱ ልክ ከነባሩ ከ1.6 በመቶ በላይ ከጨመረ አጭሩን ሕክምና እንደማይቀበሉ አስቀድመው ወሰኑ። በመጨረሻ በ26 ግሬይ ቡድን የታየው ልዩነት 0.7 በመቶ ቅናሽ ሲሆን፣ የመተማመኛ ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው ልዩነት ሊገኝበት የሚችለው ክልል፣ ከ1.3 በመቶ ቅናሽ እስከ 0.3 በመቶ ጭማሪ ይዘልቃል። ተማሪዎቹ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ሥለው ዜሮን፣ 1.6ን እና ይህን ወሰን ምልክት እንዲያደርጉበት ይጠይቋቸው። ወሰኑ ዜሮን አቋርጦ ሲያልፍ፣ ስለዚህም ይበልጣል ለማለት እንደማያስችል፣ ነገር ግን 1.6 ላይ ሳይደርስ ሲቆም፣ ስለዚህም ያልተናነሰ ለመባል እንደሚያበቃ በዓይናቸው ያያሉ።

ከማገርሸት በኋላ ወደ ጉዳቱ ይሻገሩ። ከ5 ዓመት በኋላ ሐኪሞች በጡት ወይም በደረት ግድግዳ ላይ መካከለኛ ወይም ከባድ ለውጥ ያዩባቸው ታካሚዎች በ40 ግሬይ ቡድን 9.9፣ በ26 ግሬይ 11.9፣ በ27 ግሬይ ግን 15.4 በመቶ ነበሩ። በሁለቱ አጫጭር ሕክምናዎች መካከል ያለው በጠቅላላው 1 ግሬይ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ልዩነት ሲያዩ «አንድ ግሬይ ይህን ያህል?» ብለው ይገረማሉ፤ ግርምታቸው ሳይበርድ ወደ ስሌቱ ይለፉ።

አራተኛ እርምጃ፦ በእጅ ማስላት

ኮምፒውተር ይዘጋ፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል በአንድ ቀን ለሚሰጠው የጨረር መጠን ያለው ስሜት የአልፋና የቤታ ንጥጥር በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ያ አካል በትልልቅ ዕለታዊ መጠን ይበልጥ ይጎዳል። አንድን ሕክምና በየቀኑ 2 ግሬይ ከሚሰጥበት ሕክምና ጋር ለማስተያየት፣ የዕለቱን መጠን ከንጥጥሩ ጋር ይደምሩ፣ ድምሩን ለ2 እና ለንጥጥሩ ድምር ያካፍሉ፣ ከዚያ በጠቅላላው መጠን ያባዙ።

ዘግይቶ ለሚመጣ የጡት ሕብረ ሕዋስ ጉዳት ንጥጥሩን 2 አድርገን እንውሰድ። በ15 ቀን 40 ግሬይ ሲሰጥ የዕለቱ መጠን 2.67 ግሬይ ስለሆነ ውጤቱ 46.7 ግሬይ ይሆናል። በ5 ቀን 26 ግሬይ ሲሆን የዕለቱ መጠን 5.2 ነው፤ ውጤቱም 46.8። በ5 ቀን 27 ግሬይ ሲሆን ደግሞ ስሌቱ ወደ 50 ግሬይ ይደርሳል። በጥናቱ 40 እና 26 ግሬይ ለምን ተቀራራቢ ጉዳት እንዳሳዩ፣ 27 ግሬይ ለምን ወጣ እንዳለ ተማሪዎቹ በራሳቸው እርሳስ አገኙት ማለት ነው።

አሁን ንጥጥሩን 10 አድርገው እንደገና እንዲያሰሉ ያድርጉ፤ ለብዙ ዕጢዎች በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ቁጥር ይህ ነውና። 40 ግሬዩ 42.2 ሲሆን 26 ግሬዩ ወደ 32.9 ይወርዳል። የጡት ካንሰር እንደነዚያ ዕጢዎች ቢሆን ኖሮ በ26 ግሬይ ቡድን ካንሰሩ በብዛት ባገረሸ ነበር፤ አላገረሸም። የጡት ካንሰር ንጥጥር ከ10 በጣም ያነሰ መሆኑን ሕመምተኞቹ ራሳቸው አስተማሩን የምለው ለዚህ ነው። በዚህ አጋጣሚ ስሌቱ ግምት እንጂ የታካሚን ሕክምና የሚወስን ሕግ አለመሆኑን፣ ስሌቱን የሚያጸድቀው ጥናቱ እንደሆነ አጥብቀው ያስገንዝቡ።

አምስተኛ እርምጃ፦ ወደ ዕቅድ ክፍሉና ወደ ማሽኑ መውሰድ

ስሟና መለያዋ የተነሣለት የአንዲት የግራ ጡት ታካሚ ሲቲ ስካን ይክፈቱ። ተማሪዎቹ ሁለት ምስሎችን ያወዳድሩ፤ አንዱ ታካሚዋ እንደወትሮዋ ስትተነፍስ፣ ሌላው በጥልቀት ስባ ትንፋሿን ስትይዝ የተነሣ። በሁለተኛው ሳንባዋ አየር ሞልቶ ልቧን ከደረት ግድግዳው ያርቀዋል፤ በመጀመሪያው ምስል በጨረሩ መስክ ውስጥ የነበረው የልብ ጠርዝ በሁለተኛው ከመስኩ ወጥቶ ይታያል።

ለምን ይህን ያህል እንደምንደክም የሚያስረዳው በ2013 በስዊድንና በዴንማርክ ሴቶች መረጃ ላይ ተመሥርቶ የታተመው የሳራ ዳርቢና ባልደረቦቿ ጥናት ነው። ልብ በአማካይ የሚደርሰው ጨረር በ1 ግሬይ በጨመረ ቁጥር ከባድ የልብ ደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድል በ7.4 በመቶ ይጨምራል፤ ከዚህ በታች ጉዳት የለም የሚባልለት መጠንም አልታየም። ተማሪዎቹ ይህንንም በሁለት ታካሚዎች ላይ ያስሉት። ያለ ጨረር ዕድሏ ከመቶ 2 የሆነች ሴት ልቧ በአማካይ 4 ግሬይ ቢደርሰው ዕድሉ ወደ 2.6 ከፍ ይላል፤ በሲጋራ ወይም በደም ግፊት ምክንያት ዕድሏ አስቀድሞ ከመቶ 10 የነበረች ሴት ግን ወደ 13 ገደማ ትደርሳለች። ጭማሪው በመቶኛ ሲታይ አንድ ነው፤ በሰው ሲቆጠር ግን አንድ አይደለም።

በማሽኑ አጠገብ ደግሞ የማስቀመጥ ትክክለኛነትን ያንሡ። በ25 ቀን ሕክምና አንድ ቀን የተፈጠረ የአቀማመጥ ስሕተት የሚነካው የሕክምናውን ሃያ አምስተኛ ሲሆን፣ በ5 ቀን ሕክምና ግን አምስተኛውን ነው። የዕለቱን የማረጋገጫ ምስል በጥድፊያ የሚያልፍ ተማሪ ይህን ክፍልፋይ እንዲያስታውስ ያድርጉ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ወደ ሌሎቹ ጥያቄዎች መስኮት መክፈት

ተማሪዎቹ አንድ ጥናት ማንበብ ስለቻሉ ሌሎቹን በጥንድ በጥንድ ሆነው ያንብቡና ለሌሎቹ ያቅርቡ። ለእያንዳንዱ ጥንድ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ የግዴታ ጥያቄያቸውም አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ውጤት የማይመለከታት ታካሚ ማን ናት?

የጡቱን ከፊል ብቻ ማከም ይበቃል ወይ ለሚለው ኢምፖርት ሎው የተባለውን የእንግሊዝ ጥናት ይስጧቸው፤ በ5 ዓመት ውስጥ ሙሉ ጡታቸው በጨረር ከታከመው ሴቶች 1.1፣ ከፊሉ ብቻ ከታከመላቸው 0.5 በመቶው ላይ ካንሰሩ አገርሽቷል። ጨረርን ጨርሶ መተው ይቻላል ወይ ለሚለው ደግሞ ፕራይም 2ን። ይህኛው ጥናት ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዕጢያቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ የብብት ሊምፍ ዕጢያቸው በካንሰር ያልተነካ፣ ለሆርሞን ሕክምና ምላሽ የሚሰጥ ካንሰር ያለባቸውንና የሆርሞን መድኃኒት የሚወስዱ 1,326 ሴቶችን ያካተተ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ጨረር ካልተሰጣቸው 9.5፣ ከተሰጣቸው 0.9 በመቶው ላይ ካንሰሩ በዚያው ጡት አገርሽቷል፤ በሕይወት የቆዩት ግን 80.8 እና 80.7 በመቶ ናቸው። ከሁሉም ጥናቶች ይልቅ የጦፈ ክርክር የሚያስነሣው ይህ ነው፤ ክርክሩ እንዲቆይ ጊዜ ይስጡት፤ 9.5 በመቶን አንዷ ሴት እንደ ትንሽ፣ ሌላዋ እንደ ብዙ ልታየው ትችላለችና።

ስለ ብብት አማሮስ የተባለው ጥናት አለ። የመጀመሪያዋ የብብት ሊምፍ ዕጢ ላይ ካንሰር በተገኘባቸው ሴቶች ዘንድ፣ የቀሩትን ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና በማውጣት ፈንታ ብብቱን በጨረር ማከም ከ5 ዓመት በኋላ የሚታየውን የክንድ እብጠት ከ23 ወደ 11 በመቶ ሲቀንስ፣ በብብት ላይ የሚያገረሽ ካንሰር በሁለቱም ቡድኖች በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። ወቅታዊው ውይይት ደግሞ ወደ መቀነሱ አዘንብሏል። በታኅሣሥ 2023 በሳን አንቶኒዮው የጡት ካንሰር ጉባኤ የቀረበው ቢ-51 ከቀዶ ሕክምና በፊት በተሰጠ ኬሞቴራፒ የብብት ዕጢዎቻቸው ከካንሰር ነፃ የሆኑ ሴቶችን፣ ከዓመት በኋላ በዚያው ጉባኤ የቀረበው ሱፕሪሞ ደግሞ ጡታቸው የወጣ መካከለኛ ሥጋት ያለባቸውን ሴቶች ተመልክተው፣ ተጨማሪው ጨረር እንደተጠበቀው ጥቅም አለማምጣቱን አሳይተዋል። ተማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው ጨረር አያስፈልግም ወደሚል መደምደሚያ እንዳይሮጡ፣ በሁለተኛው እርምጃ ያዩትን የ2011ዱን ትንታኔ መልሰው አጠገቡ ያስቀምጡላቸው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ለታካሚ ማስረዳትን መለማመድ

ስንት ቀን ጨረር ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሟ ከታካሚዋ ጋር ሆኖ ነው። ይሁን እንጂ በየቀኑ አልጋው አጠገብ ቆሞ ጥያቄዋን የሚሰማው የጨረር ሕክምና ባለሙያው ስለሆነ ተማሪው ሥልጣኑን ሳያልፍ ማስረዳት መቻል አለበት። አንዱ እንደ ታካሚ፣ ሌላው እንደ ባለሙያ ሆነው ይለማመዱ። ታካሚዋ «ልጄ፣ እኅቴ አምስት ሳምንት ሙሉ ስትመላለስ ነበር፤ ለእኔ ለምን አምስት ቀን ብቻ? ተስፋ የለኝም ብላችሁ ነው?» ትበል። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ደጋግሜ ስለሰማሁት ልምምዱን የምጀምረው በእርሱ ነው።

ጥሩ መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «አይደለም። በየቀኑ የሚሰጥዎት መጠን ከእኅትዎ ከፍ ስለሚል ነው ቀኑ ያጠረው። በሺዎች በሚቆጠሩ ሴቶች ላይ ተጠንቶ፣ ካንሰሩን በመቆጣጠር ከረጅሙ ሕክምና እንደማያንስ ታይቷል። የእርስዎን ሁኔታ በዝርዝር የሚያውቁት ሐኪምዎ ናቸው፤ ዛሬ ከመሄድዎ በፊት እንዲያነጋግሯቸው አደርጋለሁ።» በዚህ መልስ ውስጥ መቶኛ የለም፤ ጥናቱ ግን አለ። ተማሪው ቁጥሩን ሳያውቅ ቢሆን ኖሮ በዚህ ልክ ቀለል አድርጎ መናገር ባልቻለ ነበር።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ምዘናው

የጽሑፍ ፈተና አይስጡ። እያንዳንዱ ተማሪ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የታተመ አንድ የጡት ካንሰር የጨረር ጥናት መርጦ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ ማን ተካተተ፣ ምን ተነጻጸረ፣ ስንት ዓመት ተከታተሉ፣ ስንት ሰው ላይ ምን ደረሰ፣ ውጤቱ ለማን አይሠራም። ገና በመካሄድ ላይ ያሉትን ጥናቶች ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ከተባለው የሙከራዎች መዝገብ ላይ ፈልጎ ማግኘትንም ያለማምዷቸው። በጉባኤ የቀረበ ውጤትና በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ የታተመ ውጤት እኩል ክብደት እንደሌላቸው ገጹ ላይ በግልጽ ምልክት ያድርጉ።

ገጹ ተጽፎ ሲያልቅ ተማሪው ይዞት ወደ ሕክምና ክፍሉ ይግባ። የዚያን ቀን የሚታከሙትን የጡት ታካሚዎች የሕክምና ሰነድ ከኃላፊው ባለሙያ ጋር ሆኖ ይመልከትና፣ የጻፈው ጥናት ከመካከላቸው የትኛዋን እንደሚመለከት፣ የትኛዋን እንደማይመለከትና ምክንያቱን በቃል ያስረዳ። የምሰጠው ውጤት ከግማሽ በላይ የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው።